የገጠር መንገድ ሞተር ቢስክሌት ጎማ ስለ ምን ይተነፍሳል?



ስለ ጎማ መናገር ለብዙ ሰው የነጂና የጎሚስታ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ ወደ ሩቅ ቀበሌ የሚጓዝ የጤና ሠራተኛ፣ ወይም በማሳ ላይ ተባይ ወረደ የሚል ወሬ ሰምቶ የሚገሠግሥ የእርሻ ባለሙያ ከጠጠራማ ዳገት ላይ ጎማው ተንፍሶበት የቆመ እንደ ሆነ ጉዳዩ የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይሆናል። የበረዶው ሣጥን ቅዝቃዜውን የሚጠብቀው ለተወሰነ ሰዓት ነው፤ ልጆቻቸውን አዝለው የመጡ እናቶችም እስከ ማታ አይጠብቁም። ከዚህም የከፋ አለ። የፊት ጎማ በሩጫ ላይ ሳለ በድንገት የተነፈሰ እንደ ሆነ መሪው ከነጂው እጅ ወጥቶ ሰውን ይጥላል።

ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ የከብት ሐኪም በነፋስ የሚሞላውን ጎማ በስሙ ያስመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ጎማ ብዙ ቢሻሻልም ዋናው ነገር አልተለወጠም፤ ጭነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታሰረው ነፋስ ነው። የገጠር ሞተር ቢስክሌት ቸርኬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራጂ በሚባሉት ቀጫጭን ዘንጎች የተወጠረ ነው። ራጂዎቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ነፋስ ስለሚያሳልፉ ከጎማው ውስጥ ከመነዳሪ ማግባት ግድ ይሆናል። እንግዲህ የምንጠብቀው ይህን ስስ ከመነዳሪ ነው።

ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ሁሉም የሚከሰው እሾህን ነው። በእርግጥ የግራር እሾህ፣ በአፋር በረሓ የተስፋፋውም የፕሮሶፒስ እሾህ ብዙ ጎማ ይበሳል። ይሁን እንጂ እሾህ ያልነካው ጎማም ይተነፍሳል፤ ምክንያቱም ነፋሱ አስቀድሞ ማነሱ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ ከድንጋይ ጋር በተጋጨ ጊዜ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ድረስ ይጨፈለቃል፤ ከመነዳሪውም በድንጋዩና በብረቱ መካከል ገብቶ በመቀስ እንደ ተያዘ ይቆረጣል። ወጥቶ ሲመረመር ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች የተገኙበት እንደ ሆነ፣ ይህ የእባብ ንክሻ የሚመስል ምልክት ጥፋቱ የእሾህ አለመሆኑን ይመሰክራል።

እንግዲያስ ምን ያህል ነፋስ ይበቃል? በለስላሳ አፈር ላይ የሚወዳደሩ ሰዎች ጎማው መሬቱን እንዲቈነጥጥላቸው ከ12 እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ. ብቻ ይሞላሉ። ይህን አይቶ ሰውና ዕቃ ለተሸከመ የመንግሥት ሞተር ይህንኑ ማድረግ ስሕተት ነው። ድንጋያማ መንገድ ለሚያዘወትር ከ20 ባይወርድ ይሻላል፤ ሠሪው ፋብሪካ ለጭነት የጻፈው ቁጥር ግን ከማንኛውም ምክር ይቀድማል። ልኩን በእርግጫ የሚመዝኑ ብዙዎች ናቸው፤ እግር ግን 14ን ከ20 አይለይም። መለኪያ ያስፈልጋል፤ የሚለካውም ማለዳ፣ ጎማው በጉዞ ሳይሞቅ ነው።

በአገራችን አቀማመጥ ሊታሰብበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለት ይወርዳል። በቈላ የውጭው አየር ግፊት ስለሚበረታ፣ በደጋ የተሞላው ጎማ በ1000 ሜትር ቍልቍለት ወደ 1.5 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ከመለኪያው ላይ ይቀንሳል። የቈላው ሙቀት ከፊሉን ይመልሰው ይሆናል፤ ሁሉን ግን አይመልሰውም። በ15 ለተነሣ ሰው ይህ ከዐሥር አንድ እጅ ማለት ነው።

የነፋስ ማነስ ሌላም ጣጣ ያመጣል። ዳገት ላይ ሞተሩ በኀይል ሲስብ የኋላው ጎማ በቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፤ ከመነዳሪውንም አብሮ ይጎትታል። ነፋስ ማስገቢያው ቫልቭ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ተይዞ ስለሚቀር ከሥሩ ይገነጠላል፤ ይህም በልጥፍ የሚጠገን አይደለም። ስለዚህ ጎማውን ከቸርኬው ጋር የሚያጣብቀው መቈለፊያ መገጠም ይኖርበታል። በቫልቩ አንገት ላይ ያለችውን ብሎንም ወደ ቸርኬው ከማጥበቅ ይልቅ ወደ ላይ፣ ወደ ክዳኑ አስጠግቶ መተው ይሻላል። ያን ጊዜ ጎማው ከተንሸራተተ ቫልቩ ያዘነብላል፤ ነጂውም አይቶ ሳይገነጠል ያስተካክለዋል።

ብዙ ከመነዳሪ ደግሞ ገና ከግቢ ሳይወጣ ይበሳል። የሚበሳውም በጎማ ማውጫው ብረት ነው። ገጣሚው የቸኰለ እንደ ሆነ ከመነዳሪውን ከብረቱ ሥር ቈንጥጦ ይቀዳዋል። ከመነዳሪው ክብ ቅርጹን እስኪይዝ ጥቂት ነፋስ ቢገባበትና የታልክ ዱቄት ቢነሰነስበት፣ የጎማውም ማዶ ጠርዝ በጉልበት ተረግጦ ወደ ቸርኬው መካከለኛ ጎድጓዳ ቢወርድ፣ ያን ያህል መታገል አያስፈልግም። የራጂዎቹ ጫፎች ከመነዳሪውን እንዳይፍቁትም በቸርኬው ላይ የሚጠመጠመው የላስቲክ መቀነት ሳይበጠስ መኖሩን ማየት ነው።

አሁን ወደ ግዢ ክፍል እንምጣ። ተራ ከመነዳሪ ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለከባድ መንገድ የሚሠራው እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ወፍራሙ ይከብዳል፣ ለመግጠምም ያስቸግራል፤ እሾህንና ድንጋይን ግን እጅግ ይበልጥ ይቋቋማል። በጨረታው ሰነድ ላይ «ከመነዳሪ፤ ብዛት 20» ብቻ ብሎ የጻፈ ክፍል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ ቀጭኑን ቢያስረክበው ሊያጉረመርም አይገባውም፤ ውፍረቱን መጻፍ የእርሱ ድርሻ ነበርና። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽም ለትንሽ የእሾህ ቀዳዳ ይረዳ ይሆናል፤ በድንጋይ ለተቈረጠው ግን ከንቱ ነው። በዳካር ውድድር የታወቀው የሚሽሊን «ቢብ ሙስ» ነፋስ የሌለው የአረፋ ቀለበት ስለ ሆነ ከቶ አይተነፍስም። ነገር ግን በአስፋልት ላይ በረጅም ሩጫ ግሎ ስለሚበላሽ፣ ከከተማ ወደ ገጠር ለሚመላለስ ሞተር አይሆንም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጎማው ከጎሚስታ ርቆ ቢተነፍስ፣ ነጂው ልጥፍ፣ ማጣበቂያ፣ ሁለት ማውጫ ብረትና መንፊያ ሊኖረው ይገባል። ማጣበቂያው ተቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ሳይደርቅ ልጥፉን መለጠፍ ድካምን ከንቱ ያደርጋል። ከመነዳሪውን ከመመለስ በፊትም የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን መዳበስ ያስፈልጋል፤ ተሰክቶ የቀረ እሾህ አዲሱን ልጥፍ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ይበሳዋልና። የፊቱ ጎማ 21፣ የኋላው 18 ኢንች በሆነ ሞተር ላይ ሁለት መለዋወጫ መያዝ ለማይችል ሰው የፊቱን መያዝ ይበቃል። የፊቱ ከመነዳሪ ከኋላ ጎማ ገብቶ እስከ ከተማ ያደርሳል፤ የኋላው ግን ከፊት አይገባም።