ለከባድ ብጉር የሚዋጥ መድኃኒት በቀን ስንት ጊዜ ነው?

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በግንጪና በባኮ ለምትኖሩ እናቶች።

ቀላል ብጉር በጉርምስና ወጥቶ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ጠልቆ የሚያብጥ፣ መግል የሚቋጥርና ጠባሳ የሚተው ከሆነ ግን ፊትን በአምቦ ፍል ውሃ መታጠብ ብቻ አያድነውም፤ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ነው። በሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ 100 ሚሊግራም በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ይበቃል። ቴትራሳይክሊን ግን ቶሎ ስለሚወጣ አንድ ጊዜ አይበቃውም። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ አወሳሰድ ለልጃችሁ ልክ አይደለም።

ዶክሲሳይክሊን ከምግብ ጋር፣ ቁጭ ብሎ፣ በብርጭቆ ሙሉ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል፤ ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮ ያቆስላል። ወተትና የብረት እንክብል ኃይሉን ስለሚቀንሱ 2 ወይም 3 ሰዓት ይራቁ። ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋል፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ባርኔጣ ያድርግ። እርጉዞችና ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለብጉር አይውሰዱት።

ፊቱ እስኪጠራ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ በሳምንቱ ለውጥ የለም ብላችሁ አታቋርጡ። አንድ ቀን ቢረሳም በማግስቱ ደርቦ አይዋጥ።

በዚህ ካልዳነ የቆዳ ሐኪም አይሶትሬቲኖይን ያዛል። ልኩ በኪሎ ተሰልቶ በየቀኑ ከምግብ ጋር ለወራት ይወሰዳል፤ ከዶክሲሳይክሊን ጋር አይደረብም። ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሴት ልጅ ስትወስደው፣ ካቆመችም በኋላ ለ1 ወር ማርገዝ የለባትም።

የተረፈውን ክኒን ለሌላ ሰው አትስጡ።