ሻማ፣ ዕጣንና አፍንጫ፦ መዓዛን በቤት ውስጥ እንዴት እንመዝናለን?

በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ በተዘረጋው የራያ ቆላ፣ መልካም መዓዛ የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ነው። ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል፤ የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ በቤተ ክርስቲያን የንብ ሰም ጧፍ ይበራል፤ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት እንግዳ የሚቀበለው በሚያውድ ክፍል ነው። በአሁኑ ዘመን ደግሞ በብርጭቆ ውስጥ የረጋ ባለ መዓዛ ሻማ በአዲስ አበባ ሱቆች ይሸጣል፤ በስጦታ መልክም ወደ ሌሎች ከተሞች ይጓዛል። «ከእነዚህ መካከል የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልስ የሚያገኘው አንድ ጊዜ በማሽተት ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መዓዛ ከሰም ወይም ከሙጫ ተነሥቶ ወደ አእምሯችን እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ማስረዳት፣ ተማሪዎች በቤታቸው ሊያካሂዱት የሚችሉትን ቀላል ሙከራ ማቅረብ፣ በመጨረሻም አፍንጫ ፈጽሞ ሊዳኘው የማይችለውን አንድ ነገር ማመልከት ነው።

ሽታና ሙቀት

አንድ ነገር ይሸታል የምንለው ሞለኪውሎቹ በትነት ወደ አየር ወጥተው አፍንጫችን ውስጥ ሲገቡ ነው። ብረት በተለመደው የሙቀት መጠን የማይተን በመሆኑ ሞለኪውሉ ወደ አፍንጫችን አይደርስም፤ የሎሚ ልጣጭ ግን ገና ሲላጥ ክፍሉን ይሞላዋል። የትነቱ መጠን በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ለብዙዎቹ የመዓዛ ውሕዶች የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የትነት ግፊታቸው ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ከዚህ አንድ አስገራሚ ውጤት ይከተላል። አዲስ አበባ ውስጥ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ተሽቶ የተገዛ ሻማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ቆቦ፣ በቀትር 32 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ሳይለኮስ እንኳ ከእጥፍ በላይ መዓዛ ሊለቅ ይችላል። ሻማው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሙቀቱ ነው። ስለዚህ «ይህ ሻማ ጠንካራ ነው» የሚል ፍርድ የሙቀቱን መጠን ካልጠቀሰ ግማሽ ፍርድ ነው።

በሻማው ውስጥ ምን ይካሄዳል?

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1861 በነበረው የገና ሰሞን፣ በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለወጣቶች ተከታታይ ትምህርት ሲሰጥ ርእሱ ያደረገው ሻማን ነበር። ምክንያቱም በአንድ ሻማ ውስጥ መቅለጥ፣ የፈሳሽ በክር መሳብ፣ ትነት፣ ቃጠሎና የአየር እንቅስቃሴ በአንድነት ይገኛሉ።

ነበልባሉ በዙሪያው ያለውን ሰም ያቀልጣል። የንብ ሰም የሚቀልጠው በ63 ዲግሪ ገደማ ነው። የቀለጠው ሰም በክሩ ቃጫዎች መካከል እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከነበልባሉ ሲደርስ ይተንናል፤ የሚቃጠለውም ይኸው ተን ነው። ለማረጋገጥ የሚሻ ተማሪ፣ ነፋስ በሌለበት ቦታ ሻማውን አጥፍቶ ወዲያውኑ የሚወጣውን ነጭ ጭስ በተለኮሰ ክብሪት ይንካው፤ እሳቱ በጭሱ ላይ ዘልቆ ክሩን መልሶ ያቀጣጥለዋል።

ታዲያ መዓዛው ከየት ይመጣል? በነበልባሉ ውስጥ የሚያልፉት የመዓዛ ሞለኪውሎች አብዛኞቹ ከሰሙ ጋር ተቃጥለው ወደ ውሃ ተንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣሉ። ክፍሉን የሚያውደው በዋነኛነት በክሩ ዙሪያ ከተኛው የቀለጠ ሰም ገጽ የሚተንነው ነው። ስለዚህ ገና የተለኮሰ ሻማ ቀልጦ የተኛው ሰሙ ጠባብ በመሆኑ መዓዛው ደካማ ነው፤ ቅልጡ እስከ ብርጭቆው ጠርዝ ሲሰፋ መዓዛው ይበረታል። ሻማን በተለኮሰ በ5 ደቂቃ ውስጥ መፍረድ፣ ምጣዱ ሳይግል በእንጀራው ላይ እንደመፍረድ ነው።

የዕጣኑ መንገድ

ዕጣን በሌላ መንገድ ይሄዳል። በሰሜን ኢትዮጵያ የምናውቀው ነጭ ዕጣን በአበርገሌ፣ በመተማና በቋራ ደረቅ ደኖች ከሚገኘው የዕጣን ዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነው። ለሽታው ዋነኛ አስተዋፅኦ ከሚያደርጉት ውሕዶች አንዱ ኦክቲል አሴቴት ሲሆን፣ የሚፈላው በ210 ዲግሪ ገደማ ነው። የከሰል ፍም ገጽ ግን ከ500 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ዕጣኑ በቀጥታ በጋለው ፍም ላይ ሲጣል ከፊሉ ይተንናል፤ ከፊሉ ግን ያርራል፤ ያረረ ሽታም ከመልካሙ ጋር ይቀላቀላል። ፍሙ አመድ እስኪለብስ የሚታገሡ እናቶች ተግባራቸው በፊዚክስ የተደገፈ ነው፤ አመድ ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ሙጫው ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ያደርጋል።

ጭስና ሽታ አንድ እንዳልሆኑም ልብ ይሏል። ለዓይን የሚታየው ጭስ እጅግ ደቃቅ ጠብታዎችና ቅንጣቶች ስብስብ ነው፤ የሚሸተው ግን በአብዛኛው የማይታየው ጋዝ ነው። ብዙ ጭስ ማለት ብዙ መዓዛ ማለት አይደለም።

ከማዕዘን ወደ ማዕዘን

የመዓዛ ሞለኪውል በክፍል ሙቀት በሰከንድ ከ200 ሜትር በላይ ይፈጥናል። ይሁን እንጂ በየቅጽበቱ ከአየር ሞለኪውሎች ጋር ስለሚጋጭ መንገዱ እንደ ሰካራም ርምጃ ይጠማዘዛል። ይህ ዲፊዩዥን የሚባለው ሂደት ነው። የተለመደውን የዲፊዩዥን ቍጥር፣ ማለትም በሰከንድ 0.06 ካሬ ሴንቲ ሜትርን ወስደን 3 ሜትር ለመጓዝ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብናሰላ፣ የርቀቱን ካሬ (90,000) ለ0.12 በማካፈል 750,000 ሰከንድ እናገኛለን፤ ይህም ከ8 ቀን በላይ ነው!

በተግባር ግን ዕጣኑ ከተጨሰ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በር ላይ ያለ ሰው ያሸተዋል። ልዩነቱን የሚያመጣው የአየር እንቅስቃሴ ነው። በነበልባሉ ወይም በፍሙ የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በጣሪያው ሥር ይዘረጋል፤ ሲቀዘቅዝም በግድግዳው በኩል ይወርዳል። የተከፈተ መስኮት፣ የሚራመድ ሰው፣ የሚወዛወዝ መጋረጃም ያናውጠዋል። ስለሆነም በአንድ ክፍል ውስጥ የተፈተነ ሻማ በሌላ ክፍል ሌላ ሻማ መስሎ ሊታይ ይችላል።

አፍንጫ እንደ መለኪያ መሣሪያ

ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ባደረጉት ግኝት ለሽታ ተቀባዮች መሠረት የሆነውን ታላቅ የጂኖች ቤተሰብ አሳዩ፤ በዚህም እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሰው ወደ 400 የሚጠጉ ዓይነት ተቀባዮች አሉት። አንድ የመዓዛ ሞለኪውል በርካታ ተቀባዮችን ያነቃል፤ አንድ ተቀባይም ለበርካታ ሞለኪውሎች ምላሽ ይሰጣል። አእምሮ ሽታን የሚለየው ከዚህ ኅብር ነው።

ይህ ድንቅ መሣሪያ ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ በአየር ውስጥ ያለው የመዓዛ መጠን እጥፍ ቢሆን ስሜቱ እጥፍ አይሆንም፤ ከዚያ ባነሰ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ይለምዳል። በአቦል ጊዜ የጎላው ዕጣን በበረካ ጊዜ ለተቀመጡት የጠፋ ይመስላል፤ ከውጭ የገባ ጎረቤት ግን «ቤቱ እንዴት ያውዳል!» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው። አፍንጫ አብልጦ የሚያስተውለው ለውጥን ነው።

ሙከራው

እንግዲህ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ የሚከተለውን ሞክሩ።

1. ሁለት ባለ መዓዛ ሻማዎችና አንድ መዓዛ የሌለው ሻማ አዘጋጁ። አንዱ ሰው ስማቸውን ሸፍኖ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብሎ ይሰይማቸው፤ የሚያሸቱት የትኛው የቱ እንደሆነ አይወቁ። መዓዛ የሌለው ሻማ ዳኞቹን ራሳቸውን ይፈትናል፤ ለእርሱ ከፍተኛ ነጥብ የሰጠ ሰው በምኞቱ አሽትቷል ማለት ነው።

2. ምግብ የማይበስልበት፣ ቡና የማይቆላበት ሰዓት ምረጡ። የክፍሉን ሙቀት መዝግቡ። ክሩን ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አሳጥሩ፤ ረጅም ክር ጥላሸት ያበዛልና።

3. በመጀመሪያ ሻማዎቹን ሳትለኩሱ በአንድ ስንዝር ርቀት አሽትቱ። ቀጥሎም በየተራ አንዳንዱን ለኩሳችሁ ቅልጡ እስኪሰፋ ጠብቁ። የሚለኩሰው ሰው ሻማውን ከዳኞቹ ዓይን በሚሰውር ነገር ይከልለው፤ ከእሳቱም አይራቅ። የሚያሸቱት በዚህ ጊዜ ከቤት ውጭ ይሁኑ።

4. ዳኞቹ አንድ በአንድ ገብተው ከተወሰነ ቦታ ላይ ቆመው ወዲያውኑ ነጥብ ይስጡ፤ ለብርታቱ ከ0 እስከ 5፣ ለደስ አሰኝነቱም ለብቻው ከ0 እስከ 5። ሁለቱ መደባለቅ የለባቸውም፤ ብርቱ ሁሉ መልካም አይደለምና።

5. ክፍሉን በሚገባ አናፍሱ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። በሌላ ቀን ቅደም ተከተሉን ለውጣችሁ ድገሙት። አማካዩን ብቻ ሳይሆን የዳኞቹን ልዩነትም መዝግቡ።

ዕጣንን ለመፈተን ለሚሹም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው፤ ነገር ግን የዕጣኑን ክብደት በእኩል መጠን መመጠን፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ መታገሥና በርና መስኮት ከፍቶ መሥራት ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል።

አፍንጫ የማይነግረን

ከሰል ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በረታ ኀይል ስለሆነ፣ ሰውነት ቀስ በቀስ ኦክስጅን ያጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይከተላሉ፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ላይነቃ ይችላል። ዕጣኑ ቤቱን ባወደ ጊዜ በጎኑ ያለው መርዝ በምንም አይታወቅም፤ መልካም ሽታ የንጹሕ አየር ማስረጃ አይደለም።

የዕጣንም ሆነ የሻማ ጭስ ደቃቅ ቅንጣቶች ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባሉ፤ ይህም ለጨቅላ ሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና አስም ላለባቸው ይበልጥ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ለማብሰያ ከሚውል ነዳጅ በሚመነጭ የቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን የሚገመቱ ሰዎች ሞተዋል። መንሥኤው በዋነኛነት የማገዶና የከሰል ምድጃ እንጂ የቡና ዕጣን አይደለም፤ ይሁንና ሁሉም የሚጨሱት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው።

ስለሆነም በራያ ቆላ ሙቀት በርን ከፍቶ ቡና የማፍላት ልማድ ከነፋሻነቱ ባሻገር ሕይወትን ይጠብቃል። የክረምቱ ዝናብ ወይም የሌሊቱ ብርድ በሩን ሲያዘጋ ግን ፍሙ ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። የትኛው ሻማ፣ የትኛው ዕጣን እንደሚበልጥ አፍንጫችን ይፍረድ፤ አየሩ ንጹሕ መሆኑን ግን ለተከፈተ መስኮት እንተውለት።