ጠባይን በቍጥር ስለ ማወቅ

በጥር ወር ወደ መንዝ ወጥተን፣ በዘመሮ ከተማ በዘመዶቻችን ቤት አምስት ቀን ሰንብተን ነበር። የመንዝ ብርድ ለአንባቢዎቻችን የታወቀ ነውና፣ ማታ ማታ ከበግ ጠጕር የተሠራ ባና ተከናንበን ከእሳት ዳር ስንቀመጥ፣ የቤቱ ጨዋታ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ነበር። ይኸውም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ የሆነችው የቤቱ ልጅ ለአንድ ወጣት የጤና ባለሙያ ተጠይቃ፣ ሽማግሎች ሁለት ጊዜ ተመላልሰው፣ እሺ የሚለው ቃል ብቻ ቀርቶ ነበር።

አያቲቱ ግን እሺ ከማለታቸው በፊት፣ ለማንም ሳይነግሩ፣ የሁለቱን ኮከብ አስቈጥረው ኖሯል።

ዐውደ ነገሥት በሚባለው መጽሐፍ ሥርዐት ኮከብ የሚቈጠረው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር አለው። ቈጣሪው የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል በፊደል ቈጥሮ ይደምርና በ12 ይገድፋል፤ የተረፈውም ቍጥር ከ12ቱ ከዋክብት አንዱን ያመለክታል። እነዚህም ሐመል፣ ሠውር፣ ጀውዛ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊና ሑት ናቸው። (ስሞቹ ከዐረብ ቋንቋ የመጡ መሆናቸውን፣ የደብተራ ምሥጢር ነው ብለው ከሚያከብሩት ሰዎች ብዙዎቹ አያስተውሉትም።) ከዋክብቱ ሦስት ሦስት እየሆኑ ለእሳት፣ ለመሬት፣ ለነፋስና ለውሃ ተመድበዋል። ከዚህ በኋላ የሰውየው ጠባይና ዕድል፣ የሚስማማውም ጋብቻ ይነበብለታል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ብትከለክልም፣ ልጅ ለመዳር ሲያስቡ በስውር የሚያስቈጥሩ ወላጆች በገጠርም በአዲስ አበባም አልጠፉም። ባልና ሚስት አልስማማ ሲሉ «ኮከባቸው አልገጠመም» የምንለው እኛም፣ ሳናስበው የዚሁ ትምህርት ደቀ መዛሙርት ነን።

ልጅቱ ሐመል ሆነች፤ እሳት ናት። ወጣቱም ሚዛን ሆነ፤ ነፋስ ነው። ነፋስ እሳትን ያነዳልና ጋብቻው መልካም ነው ተባለ። የወጣቱም ጠባይ ሲነበብ «ለወዳጁ ለጋስ ነው፤ ቢቈጣም ፈጥኖ ይመለሳል፤ በልቡ ያለውን ሁሉ አይናገርም» ስለሚል፣ አያቲቱ «ቍርጥ እርሱን!» ብለው ደስ አላቸው።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ ተበላሸ። የእናቱ ስም ነው ተብሎ የተቈጠረው ያሳደገችው የአክስቱ ስም ሆኖ ተገኘ። በወለደችው እናቱ ስም እንደ ገና ቢቈጠር ሑት ወጣ፤ እርሱም ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ እሳትን ያጠፋል። «ትዕግሥተኛ ነው፤ ቂም ግን ይይዛል፤ አሳቡን ለሰው አይገልጥም» ተብሎ ሲነበብላቸው፣ አያቲቱ ጥቂት አሰብ አደረጉና «ለካ እንዲህ ኖሯል! ባለፈው ቡና ሲጠጣ ዝም ብሎ ነበር» አሉ። አንድ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ነፋስም ውሃም ሆኖ፣ ሁለቱም በልክ እንደ ተሰፋ ልብስ ሲገጥሙት በዓይናችን አየን።

ልጅቱ በአያቷ ሣቀች። ሣቋ ግን ብዙ አልቈየም። ማታ ሌላው ሰው ሲተኛ ስልኳን ይዛ ወደ እኛ መጣችና «ጋሼ፣ የደብተራውን ነገር ይተዉት፤ ይህን ግን ምን ይሉታል?» አለችን። ያሳየችን ሰውን ሁሉ በ16 ዓይነት የሚከፍል የጠባይ መመርመሪያ ነበር። እርሷም እጮኛዋም ጥያቄዎቹን መልሰው፣ እርሷ ከሰው ጋር መዋል የምትወድ፣ እርሱ ብቻውን መሆን የሚወድ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከግርጌውም ለእርሷ የሚስማማው ሌላ ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ተጽፏል። ለማንም ሳትናገር ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ነበር። «ሊቃውንት መርምረው ያወጡት ነው፤ ዕድሜ ልክ ዝም ካለ ሰው ጋር እንዴት እኖራለሁ?» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

የዚህ መመርመሪያ ነገድ እንዲህ ነው። የስዊስ ሐኪም ካርል ዩንግ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. ስለ ሰው ጠባይ ዓይነቶች አንድ መጽሐፍ አወጣ። ካተሪን ብሪግስ የተባለች አሜሪካዊትና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ አሳቡን ወስደው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥያቄዎቹን አሰናዱ። ሁለቱም በሥነ ልቡና ትምህርት የሠለጠኑ አልነበሩም። የሙያው ሊቃውንት መመርመሪያውን የሚነቅፉበት አንዱ ምክንያት፣ ሰውን ሁሉ በሁለት ከፍሎ ተናጋሪ ወይም ዝምተኛ ማለቱ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን በመካከል የቆመ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሲመረመር ሌላ ዓይነት ሆኖ የሚገኘውም ሰው ጥቂት አይደለም።

ለልጅቱ ይህን ከነገርናት በኋላ የበርትራም ፎረርን ነገር ጨመርንላት። ይህ አሜሪካዊ መምህር በ1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 39 ተማሪዎቹን በጠባይ መመርመሪያ ከፈተነ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ «ውጤትህ ይህ ነው» ብሎ ጽሑፍ ሰጠ፤ ምን ያህል እንደሚስማማውም ከ5 ነጥብ እንዲሰጥ አዘዘ። ተማሪዎቹ በአማካይ 4.26 ሰጡ። ጽሑፉ ግን ለሁሉም አንድ ነበር፤ ቃሎቹንም የሰበሰበው በጋዜጣ መሸጫ ከተገኘ የኮከብ ቈጠራ መጽሐፍ ነው። ልጅቱ ይህን ሰምታ «እንግዲያስ ከእማማ ጋር አንድ ነን በሉኛ!» አለች።

እኛ ራሳችን እንዴት እንደምንሆን ለማየት በዚያው ሌሊት ጥያቄዎቹን መለስን። «ቃሉን የሚጠብቅ፣ ዕቅዱን የማያዛንፍ፣ ከመናገሩ በፊት የሚያስብ» የሚል ወጣልን። እውነቱን ለመናገር እጅግ ደስ ብሎን ሦስት ጊዜ አነበብነው፤ በማግስቱም አዲስ አበባ ላለችው ባለቤታችን ላክንላት። መልሷ ወዲያው መጣ። «ይህ ሰው ማን ነው? የጓዳው ጣራ ማፍሰስ ከጀመረ ሁለት ክረምት አለፈ። ዕቅድ የማያዛንፍ ሰው ካገኙ እባክዎ ይላኩልኝ። ከመናገሩ በፊት ያስባል የሚለው ግን እውነት ነው፤ አስቦም ሳይናገር ይቀራል» ትላለች።

ወደ ጥያቄዎቹ ተመልሰን ብናይ ነገሩ ተገለጠልን። የጀመርነውን ሥራ እንጨርስ እንደ ሆነ ተጠይቀን «አዎን፣ ፈጽሞ» ስንል፣ ጣራው በአሳባችን አልመጣም ነበር። መመርመሪያው አልዋሸንም፤ መሆን ስለምንፈልገው ሰው የነገርነውን ተቀብሎ፣ አሳምሮ መለሰልን እንጂ።

መንዝም እንደ ሰው ተመርምሯል። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ፣ በ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ግለኝነትን ከአማራ ጠባይ ቈጥሮታል። ይህን ለቤቱ ጌታ ብንነግራቸው «ግለኝነቱስ አለ፤ ግን ወንፈሉን ማን ወጣ?» አሉና ሣቁ። ይሁን እንጂ ሌቪን ከሰዎቹ መካከል ኖሮ አይቶ ስለ ተናገረ፣ ሊከራከሩት እንጂ ሊንቁት አልወደዱም።

ልጅቱ በአራተኛው ቀን እጮኛዋን በስልክ ጠየቀችው። እርሱም ጥያቄዎቹን የመለሰው ሦስት ሌሊት በተከታታይ ተረኛ ሆኖ በወጣበት ጧት እንደ ሆነ ነገራት። «በዚያን ቀን ከእናቴም ብሸሸግ ደስ ይለኝ ነበር» አላት። ነገር ግን ዝምታ እንደሚወድ አልካደም፤ «ይህንማ ስልኩ ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ» አላት። ታውቀው ኖሯል። ስለዚሁ ዝምታ፣ እርሷም ጨዋታ በወደደች ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ፣ ከአንድ ሰዓት የበለጠ ተነጋገሩ፤ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር።

ሽማግሎቹ ለሚመጣው እሑድ ተቀጠሩ። አያቲቱም እኛን ሲሸኙ ከበሩ ላይ ጠጋ አሉንና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የልጁን የክርስትና ስም እናውቅ እንደ ሆነ ጠየቁን።