ዜጋ ማን ነው?

በጎንደር ዘመን የመሬት መዛግብት «ዜጋ» የሚባለው ርስት የሌለው ሰው ነበር፤ በባለርስት መሬት ላይ የሚያርስና የሚያገለግል። ዛሬ ማንኛውም ቅጽ ላይ «ዜግነት» የሚል ስናገኝ ያለ ማመንታት «ኢትዮጵያዊ» ብለን የምንሞላው ያንኑ ቃል ይዘን ነው።

ለዛሬው ዜጋ መሠረት የሆነው ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ሥራ ላይ ዋለ። 106 አንቀጾች አሉት። ልተዋወቀው ለሚል ሰው ግን ከመግቢያው ይልቅ በአንቀጽ 6 እና በአንቀጽ 33 ቢጀምር እመርጣለሁ። ስድስተኛው፣ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ዜጋ ነው ይላል። አባት ይሁን እናት ለውጥ የለውም።

አንቀጽ 33 ሲነበብ ዓይን የሚይዘው እዝባሩ ነው፦ «ኢትዮጵያዊ/ኢትዮጵያዊት»፣ «ዜግነቱን/ዜግነትዋን»። አንባቢን ያደክማል፤ ግን እዝባሩ በከንቱ አልገባም። በ1922 በወጣው የዜግነት ሕግ የውጭ አገር ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት፣ የባሏን ዜግነት የምታገኝ ከሆነ የራሷን ታጣ ነበር። ባል ማግባት አገር ያስቀር ነበር ማለት ነው። አንቀጽ 33 ይህን ሽሮ፣ ጋብቻ ዜግነትን አያስቀርም፣ ማንም ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም አለ። «መገፈፍ» የሚለው ቃል ራሱ ከገላ ላይ ልብስ መግፈፍን ያስታውሳል።

ይህ ከተጻፈ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች «የኤርትራ ተወላጅ ናችሁ» ተብለው ከአገር ተባረሩ። አንቀጹን ያወቀ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ እኔ ሁለቱን ነጥዬ ማስተማር አይሆንልኝም።

ዜግነትን በፈቃድ መተው ግን ይቻላል። በ1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 የሌላ አገር ዜግነት ወዶ የወሰደን ሰው የኢትዮጵያውን እንደተወ ይቆጥረዋል። አሜሪካ ቃለ መሐላ ፈጽመው ዜግነት የወሰዱ ወንድምና እህቶቻችን የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ የሚያወጡት ለዚህ ነው። በመታወቂያው ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ ይሠራሉ፤ አይመርጡም፣ አይመረጡም።

ያው አዋጅ ስለ ተጣለ ሕፃንም ይናገራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን፣ የሌላ አገር ዜጋ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ ከኢትዮጵያዊ ወላጅ እንደተወለደ ይቆጠራል። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለተገኘ ልጅ፣ ስም እንኳ ሳይወጣለት፣ ሕጉ ወላጁን ኢትዮጵያዊ ይልለታል።