በኢንተርኔት የሚሸጡ የሀገር ባህል አልባሳት ወደ ውጭ ሲላኩ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

በእጅ የሚሸመኑ የሀገር ባህል አልባሳት ከሽሮ ሜዳና ከመርካቶ ሱቆች አልፈው በኢንተርኔት አማካይነት በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ ሀገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይሸጣሉ። ገዢው ልብሱን በአብዛኛው የሚያዘው ለሠርግ፣ ለክርስትና ወይም ለበዓል በመሆኑ፣ ሻጋታ ይዞት የደረሰ ቀሚስ ገንዘቡ ቢመለስም ቀኑን አይመልስም። ኪሳራውም በሻጩ ሳይወሰን በቀጣዩ ትእዛዝ መቅረት ምክንያት እስከ ሸማኔው ድረስ ይዘልቃል።

በጉዞ ላይ ልብስን ከሚጎዱት ነገሮች ቀዳሚው እርጥበት ነው። ጥጥ ደረቅ መስሎ በሚታይበት ጊዜ እንኳ ከአየር ውኃ ይስባል። አንጻራዊ እርጥበቱ 65 በመቶ በሆነ አየር ውስጥ አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ጥጥ ከ70 እስከ 80 ግራም የሚደርስ ውኃ ይይዛል። ይህ ልብስ በላስቲክ ታሽጎ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ሻጋታ ይፈጠራል፤ የጥለቱ ቀለምም ወደ ነጩ ጨርቅ ሊዛመት ይችላል። በመሆኑም ልብሱ በተለይ በክረምት ወራት ነፋሻማ ክፍል ውስጥ በሚገባ ሊደርቅ፣ ከተተኮሰም በኋላ ሙቀቱ እስኪወጣ ድረስ ሊቆይ ይገባል። እርጥበት የሚመጥጥ አነስተኛ ከረጢት በላስቲኩ ውስጥ ማኖርም ጠቃሚ ነው።

በአስተጣጠፍ ረገድ እጥፉ በጥለቱና በጥልፉ ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በእጥፎቹ መካከል ነጭ ስስ ወረቀት ማድረግ ጨርቁ እንዳይጨማደድና ባለቀለሙ ክር ነጩን እንዳይነካ ይረዳል። ቀለሙ የሚለቅ በመሆኑ የጋዜጣ ወረቀት ለዚህ አገልግሎት አይመከርም። ገዢው ካርቶኑን በምላጭ ሲከፍት ልብሱ እንዳይቀደድ ከላይ አንድ ጠንካራ ወረቀት ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

የካርቶኑ መጠን በማጓጓዣው ዋጋ ላይ ለውጥ ያመጣል። አብዛኞቹ የፈጣን መልእክት ኩባንያዎች የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5 ሺህ በማካፈል የሚያገኙትን ክብደት ከትክክለኛው ክብደት ጋር ያነጻጽሩና በሚበልጠው ያስከፍላሉ። በዚህ ስሌት 40 በ30 በ20 የሆነ ካርቶን 4 ነጥብ 8 ኪሎ ግራም ሲታሰብ፣ 35 በ25 በ10 የሆነው ግን 1 ነጥብ 75 ኪሎ ግራም ብቻ ይሆናል።

አድራሻው በላቲን ፊደል፣ ከነቤት ቁጥሩ፣ ከነፖስታ ኮዱና ከነስልክ ቁጥሩ መጻፍ ይኖርበታል። የላይኛው ወረቀት ቢላጥ ዕቃው ባለቤት እንዳያጣ ቅጂው በካርቶኑ ውስጥ ይቀመጣል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው የጉምሩክ ሰነዱ ነው። በፖስታ ለሚላኩ ዕቃዎች «ሲኤን 22» ወይም «ሲኤን 23» የተባለው ቅጽ ይሞላል። በቅጹ ላይ «ልብስ» ብሎ ማለፍ በቂ ባለመሆኑ «በእጅ የተሸመነ የሴት ቀሚስ፣ 100 በመቶ ጥጥ» በሚል አኳኋን ዓይነቱን፣ ብዛቱንና ዋጋውን መግለጽ ያስፈልጋል። የጥጥ ጨርቅ የሴት ቀሚስ በዓለም አቀፉ የታሪፍ መለያ ቁጥሩ 6204.42 ነው። የተሸጠን ዕቃ «ስጦታ» ብሎ ማስመዝገብ ወይም ዋጋውን ማሳነስ ዕቃውን ሊያስይዝ ይችላል፤ ዕቃው ቢጠፋም የሚከፈለው ካሳ በአብዛኛው ከተመዘገበው ዋጋ አይበልጥም።

ወደ አሜሪካ የሚላክን ዕቃ በተመለከተ እስከ 800 ዶላር ለሚያወጡ ዕቃዎች ይሰጥ የነበረው ከቀረጥ ነጻ የመግባት መብት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታግዷል። ስለሆነም ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ሻጩና ገዢው ከሽያጩ በፊት መስማማት አለባቸው።

ሻጩ ልብሱንና ካርቶኑን ከመታሸጉ በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ደረሰኙንና የመከታተያ ቁጥሩንም ዕቃው እስኪደርስ ድረስ መጠበቅ ይጠበቅበታል። ዕቃው ቢጎዳ ወይም ቢጠፋ ለአቤቱታ በማስረጃነት የሚያገለግሉት እነዚሁ ናቸው።