የነገው መምህር ከጠመኔ ሌላ ምን ይዞ ይግባ?

ሥዕል፥ ዜማና ተውኔት የዕረፍት ሰዓት ማሳለፊያ ናቸው ብለው የሚያስቡ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ፈተና ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታጠፈው የሙዚቃው ወይም የሥዕሉ ክፍለ ጊዜ ነው፤ በምትኩም ሒሳብ ይገባል። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ነገሩን ገልብጠን እንመልከተው። ሒሳቡ ራሱ በጭብጨባ፥ ታሪኩ በተውኔት፥ የተፈጥሮ ሳይንሱም በሥዕል ቢሰጥስ? ይህ እንዲሆን ግን በቅድሚያ መሠልጠን ያለበት ተማሪው ሳይሆን፥ ነገ በክፍሉ ፊት የሚቆመው ዕጩ መምህር ነው።

አሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደልን የሚለየው ድምፁን ከፍ አድርጎ በዜማ እያለ ነው። ከፍ ሲል የዜማው ተማሪ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚታወቁትን ሦስቱን ስልቶች፥ ግዕዝን፥ ዕዝልንና አራራይን ያጠናል። የአቋቋሙ ተማሪ ደግሞ በመቋሚያ፥ በጸናጽልና በከበሮ ሰውነቱን ከቃሉ ጋር ያስማማል። የቅኔው ተማሪ የግዕዝን ሰዋስው ማወቁን የሚያስመሰክረው ራሱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ሲነግር ነው፤ ትናንት የተነገረውን ዛሬ መልሶ ማቅረብ አያስመሰግነውም። ልብ እንበል፤ በዚህ ሥርዓት ጥበቡ ራሱ የትምህርቱ መንገድ ነው እንጂ ከትምህርቱ በኋላ የሚመጣ መዝናኛ አይደለም።

በዘመናዊው ትምህርት ግን ጥበብ ለብቻው ቤት ተሠራለት። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ሲመሠርቱ ዓላማው ሠዓሊዎችንና ቀራፂዎችን ማፍራት ነበር፤ ሥራውም ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ለሠዓሊው ትምህርት ቤት መኖሩ ብቻውን፥ በሥዕል የሚያስተምር የሳይንስ ወይም የታሪክ መምህር አያስገኝም። ያንን ማስገኘት የመምህራን ማሠልጠኛዎች ፈንታ ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚል፥ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት መጥቀስ ይበቃል። በሙከራው የተካፈሉት ሰዎች ደጋግመው ከጻፏቸው ቃላት ይልቅ በሥዕል የገለጿቸውን አብልጠው አስታወሱ። የሥዕሉ ማማር ወይም አለማማር ያመጣው ልዩነት አልታየም። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ የሚሥል ሰው ሳያስተውል ማለፍ አይችልም።

ሦስት ምሳሌዎችን እንይ። የመጀመሪያው ከሒሳብ ነው። መምህሩ ክፍሉን ለሁለት ይከፍልና አብረው ሲቆጥሩ አንዱ ወገን በየ3ኛው፥ ሌላው በየ4ኛው ቁጥር ላይ ያጨበጭባል። 12 ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ወገን በአንድነት ይመታል፤ 24 ላይም እንዲሁ። የጋራ ብዜት ማለት ምን እንደ ሆነ ተማሪው በመዳፉ አወቀው ማለት ነው። ሁለተኛው ከሳይንስ ነው። ተማሪዎች በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ባቄላ በየቀኑ እየተመለከቱ ይሥላሉ፤ ከቅጠሉ በፊት ሥሩ እንደሚወጣ ማንም ሳይነግራቸው ያገኙታል። ሦስተኛው የታሪክ ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ አንዱ ተማሪ በምኒልክ፥ ሌላው በኢጣልያው መልእክተኛ በአንቶኔሊ ፈንታ ሆነው ይከራከሩበት። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መገናኘት ይችላሉ ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። አንድ ግሥ ሁለት አገሮችን እንዴት ወደ ዐድዋ እንዳደረሰ ክርክሩን ያዳመጠ ተማሪ በቶሎ አይረሳውም።

ታዲያ መምህሩን ከዚህ የሚያግደው ምንድን ነው? እኔም በሁለተኛ ደረጃ የማስተምር እንደ መሆኔ፥ የመጀመሪያው መሰናክል ኀፍረት ነው እላለሁ። አዝማሪንና ሸክላ ሠሪን ሲንቅ በኖረ ኅብረተሰብ ውስጥ ያደገ ወጣት፥ በተማሪዎች ፊት ቢያዜም ወይም ቢሥል ክብሩ የሚቀንስ ይመስለዋል። ኀፍረቱ ደግሞ በምክር አይለቅም፤ የሚለቀው በልምምድ ነው። ስለዚህ ዕጩ መምህሩ ስለ ሥነ ጥበብ ጥቅም ማስታወሻ ከመገልበጥ ይልቅ ባቄላውን ራሱ ይሣል፤ ራሱ ያጨብጭብ፤ ራሱ ይተውን። ከዚያ ለባልንጀሮቹ ያስተምር፤ ቀጥሎም ስልሳና ሰባ ተማሪዎች በተቀመጡበት እውነተኛ ክፍል ይሞከር። የአካባቢውን ሸማኔም የጥለቱን አቆጣጠር እንዲያስረዳው ይጋብዝ፤ ሒሳብን በጥበቡ ውስጥ የያዘ ባለሙያ ነውና።

ሁለተኛው መሰናክል ከመጀመሪያው ይልቅ ስውር ነው፤ እርሱም ጥበብን ለጌጥ ብቻ ማምጣት ነው። ሕፃናት የማባዛት ሠንጠረዥን በዜማ ሲያሰሙ ደስ ይላል፤ ሆኖም 6 ጊዜ 7 ለምን 42 እንደ ሆነ የሚያስረዳ ከመካከላቸው ካልተገኘ፥ የተገኘው ትርፍ ዜማው ብቻ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ ሠልጣኙን ሁልጊዜ እንዲህ ብሎ ይጠይቀው፦ «ሥዕሉን ወይም ዜማውን ብታነሣው ከትምህርቱ ምን ይጎድላል?» ምንም የማይጎድል ከሆነ ጌጥ ነበር፤ ትምህርቱ አብሮ የሚፈርስ ከሆነ ግን ጥበቡ ሥራውን ሠርቷል።

ገንዘብ የለም የሚል ምክንያት እዚህ ብዙ አያዋጣም። ከሰል፥ የሸክላ አፈር፥ ያገለገለ ካርቶንና ሁለት መዳፍ በየትኛውም ወረዳ ይገኛሉ። የሚያንሰው ጊዜና ድፍረት ነው። በየክፍሉ የኋላ መቀመጫ ላይ፥ በቃል ተጠይቆ ዝም የሚል፥ በጽሑፍም የማይሳካለት፥ ሆኖም ያየውን መሣል የሚችል ልጅ አለ። መምህሩ አንድ መንገድ ብቻ ካወቀ ያ ልጅ «ሰነፍ» ተብሎ ዓመቱን ይጨርሳል። የማሠልጠኛ ኃላፊዎች በሚቀጥለው ጊዜ የሥዕሉን ክፍለ ጊዜ ሊሰርዙ ብዕር ሲያነሡ፥ የሚሰርዙት የዚያን ልጅ መንገድ መሆኑን ያስቡበት።