የመጠጥ ውኃን በተሳቢ ቤት ጭኖ በኮረኮንች መንገድ ስለ መጓዝ

ዋሊ ባያም የተባለው አሜሪካዊ የተሳቢ ቤት አምራች እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 ዓመተ ምሕረት 41 የአሉሚኒየም ተሳቢ ቤቶችን አሰልፎ ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ ሲጓዝ በአገራችን በኢትዮጵያም በኩል ማለፉ የታወቀ ነው። የተመልካችን ዓይን የሚማርከው የሚያብለጨልጨው ገላቸው ቢሆንም፣ እንዲህ ያለውን ተሳቢ ከከተማ ርቆ ቤት የሚያሰኘው ግን ከወለሉ በታች የተሸከመው ውኃ ነው። ውኃው ያለቀበት ተሳቢ ቤት ጎማ ያለው ሣጥን ከመሆን አያልፍም።

ይህ ነገር ዛሬ የነጋዴ ጉዳይ ሆኗል። ጎብኚ የሚያስተናግዱ፣ መንገድ የሚሠሩ፣ ማዕድን የሚፈልጉ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ከቧንቧ ርቆ በሚገኝ ስፍራ ለብዙ ቀን ማሳደር ይገደዳሉ። ስለዚህ ተሳቢ ቤት ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃ በምን ዓይነት መንገድ ላይ እንደሚጎተት አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል። ለአውሮፓ መንገድ የተሠራው ተሳቢ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ40 እስከ 50 ሊትር ያህል ነው፤ በዚያ አገር ማታ ማታ የሚታደርበት ስፍራ ቧንቧ ስላለው ይበቃል። ለአውስትራሊያ በረሃ የሚሠራው ግን እያንዳንዳቸው ከ80 እስከ 100 ሊትር የሚይዙ ሁለት ታንከሮችን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሸከማል። ለእኛ ቆላ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው መሆኑን ለመረዳት ብዙ መመራመር አያሻም።

ለምሳሌ ያህል ስምንት ሠራተኞች ወደ አፋር ዝቅተኛ ስፍራ ለአምስት ቀን ተላኩ እንበል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በዳሎል በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በእንዲህ ያለ ሙቀት የሚደክም ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን ከ5 ሊትር በላይ ሊያስፈልገው ይችላል። ለወጥና ለፊት መታጠቢያ ጨምረን በነፍስ ወከፍ 10 ሊትር ብንመድብ፣ ድምሩ 400 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ ይህ አራት ኩንታል ማለት ነው፤ ነገር ግን እንደ ጤፍ ጆንያ በተቀመጠበት የማይረጋ አራት ኩንታል ነው።

የችግሩ ሁሉ ምንጭ ይኸው አለመርጋት ነው። ነጂው ፍሬን ሲይዝ ውኃው ወደ ፊት ይወረወራል፤ ሲታጠፍ ወደ ውጭው ጎን ይተኛል። ብዙ ሰው የሞላ ታንከር አደገኛ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን የጎደለው ይብሳል፣ ውኃው የሚንደረደርበት ባዶ ስፍራ አግኝቷልና። ስለዚህ በታንከሩ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ግድግዳዎች ቆመው የማዕበሉን ጉልበት እንዲሰብሩ ይደረጋል። ከአንድ ትልቅ ታንከር ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ትናንሾች ይሻላሉ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ካልተከፈተ የሚናወጠው አንዱ ብቻ ነው፤ አንዱ ቢቀደድም ሰዎቹ የሚጠጡት አያጡም።

የሚቀመጡበትም ስፍራ ቀላል ነገር አይደለም። በአሜሪካና በአውስትራሊያ የሚመከረው የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ አሥር ያህሉ በመጎተቻው ጫፍ ላይ እንዲያርፍ ነው። ታንከሩ በስተ ኋላ ከተሰቀለና ከሞላ አፍንጫው ይቀልላል፤ ተሳቢውም እንደ ዓሣ ጅራት እየተወዛወዘ መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል። እንግዲህ የውኃው ቦታ ከጎማዎቹ አክስል በላይ ወይም በዚያው አቅራቢያ፣ በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ መሆን አለበት።

ዝቅ ያለ ሁሉ ግን ለድንጋይ የተጋለጠ ነው። እንደ ቆርቆሮ ክዳን ሞገድ በሠራ የጠጠር መንገድ ላይ ተሳቢ ለሰዓታት ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ታንከሩ ራሱ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ቱቦው ከታንከሩ ጋር የሚገናኝበት አንገት ነው። ነጂው ምንም ሳይሰማው ውኃው በመንገድ ላይ ሲንጠባጠብ ይውላል፤ ማታ ቧንቧው ሲከፈት የሚወጣው አየር ብቻ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን ታንከሩ ከሥር በላሜራ ይሸፈናል፤ ከሻንሲው ጋር በሚነካካበት ሁሉ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ይደረግለታል፤ ቱቦውም ግትር ሳይሆን የሚተጣጠፍ ይሆናል። የአየር መተንፈሻውም ቀዳዳ ከወለሉ ከፍ ብሎ ማጣሪያ ካልተደረገለት የመንገዱን አቧራ ወደሚጠጣው ውኃ ይስባል። ገዢዎች ግን መጋረጃውንና የአልጋውን ብዛት አይተው ዋጋ ይቆርጣሉ፤ ጋዜጣ አንጥፎ ከሥሩ ተንጋልሎ የሚመረምር ጥቂት ነው።

ስለ ንጽሕናው ደግሞ ባለሱቆች የበለጠ ኀላፊነት አለባቸው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሸጠው አሮጌ በርሜልና ጀሪካን ቀድሞ ምን እንደ ያዘ ሻጩ ካላወቀ ለመጠጥ ውኃ መሸጥ የለበትም። ዘይት የነበረበት ታጥቦ ይጠራ ይሆናል፤ የተባይ መድኃኒት የነበረበት ግን በምንም ሳሙና ቢታጠብ ሰው ሊጠጣበት አይገባም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለጥቂት ብር ትርፍ ያሳለፈ ሰው ገዢውን በኋላ አግኝቶ ይቅርታ ሊጠይቅ አይችልም።

ውኃው ሲሞላ ሽቶ ያልገባበት በረኪና ይጨመርበታል። በጠርሙሱ ላይ ከመቶ አምስት የተባለው ከሆነ፣ ለ400 ሊትር ጥሩ ውኃ 16 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል በቂ ነው፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። የደፈረሰ ውኃ አስቀድሞ ይጠልላል፣ በንጹሕ ጨርቅም ይጣራል። በፀሐይ ላይ የተደረደረ በረኪና ኀይሉን ስለሚያጣ፣ ባለሱቅ በመስኮቱ ላይ ለጌጥ ባያኖረው መልካም ነው።

በዳሎል አቅራቢያ አሞሌ የሚጭኑት ነጋድያን ውኃቸውን በፍየል ቆዳ ስልቻ ሲይዙ ከዚህ በላይ የተባለውን ችግር በከፊል አቃልለውታል። ስልቻው ውኃው በጎደለ ቁጥር አብሮ ስለሚሸበሸብ በውስጡ ውኃ የሚንደረደርበት ባዶ ስፍራ አይቀርም፤ በቆዳው ላይ የሚወጣው እርጥበትም በነፋስ ሲደርቅ ውኃውን ያቀዘቅዘዋል። ዛሬ በውጭ አገር ለበረሃ ተጓዦች የሚሸጡት እየተጣጠፉ የሚጎድሉ የላስቲክ ከረጢቶች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ተሳቢ ቤት ለማስመጣት የተሰናዳ ነጋዴ ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ከረጢቶችን፣ አንድ የእጅ ፓምፕና ትርፍ የቱቦ ማሰሪያዎችን በዚያው ትእዛዝ ላይ ቢጨምር የሚያወጣው ወጪ ጥቂት ነው። ነጂውም ከተነሣ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቆሞ፣ ከተሳቢው ሥር በእጁ ዳስሶ መሬቱ ደረቅ መሆኑን ሳያይ እንዳይቀጥል ከመነሻው ይነገረው።